ነጭ ጋውን ለምትለብሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ደብረ ብርሃን ሆኜ ነው። ገና ጠዋት ነው፤ ውርጩ አልለቀቀም። ከበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ጤና ካምፓሱ የሚሄዱ ተማሪዎችን አያለሁ። አንዳንዶቹ ጋውናቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከቤት ለብሰውት ይወጣሉ። ሳያቸው ደስ ይለኛል። ሳያቸው ደግሞ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እሱን ነገር ዛሬ ልንገራችሁ።

33 ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ደም ቀድቻለሁ፣ ሰገራ መርምሬያለሁ፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ነክሬያለሁ። ብዙ የምኮራበት ሥራ አለኝ። የምጽፍላችሁ ግን ስለማልኮራበት ነው።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እላቸው ነበር። እንቅርታቸው አድጎ አድጎ ትንፋሽ ከልክሏቸዋል። የታከሙት ከቀበሌ በተጻፈላቸው የነጻ ሕክምና ወረቀት ነው። ያቺን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ይይዟታል። ካርድ ክፍል ያሳይዋታል፣ ዶክተሩን ያሳይዋታል፣ እኔንም ያሳዩኛል። ማንም ሳይጠይቃቸው። «በነጻ ነው የምታከመው ልጄ» ይላሉ፣ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በዚያ ሰሞን ስለ እንቅርት የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ነበር። በቀዶ ሕክምና ከሚወጣው ሥጋ ቁራጩ ለምርመራ ይቀራል፣ ሌላው ለእነሱ ይሰጣል። አንድ ገጽ የስምምነት ቅጽ ነበራቸው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ማስፈረሙ የእኔ ሥራ ነበር።

እማማን ያስፈረምኳቸው ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገቡ ሲሉ ነው። ስትሬቸር ላይ ተኝተዋል። ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። «እማማ፣ እዚህች ላይ አሻራ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። «እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንኩት፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ዕድሜ ልካቸውን የበግ ፀጉር የፈተሉበት ጣት ነው። መስመሩ ተፍቆ አልቋል። ወረቀቱ ላይ የቀረው አሻራ አይመስልም፤ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። ቅጹን አጥፌ ፋይል ውስጥ ከተትኩት።

የወጣውን ሥጋ ሰፊ አፍ ባለው ብልቃጥ አድርጌ ፎርማሊን ሞላሁበት። ፕላስተር ለጥፌ 47 ብዬ ጻፍኩበት።

በአራተኛው ቀን እማማ ላቦራቶሪው በር ላይ መጥተው ቆሙ። አንገታቸው በፋሻ ታስሯል። ድምፃቸው ሰልሏል።

«ልጄ፣ ያወጣችሁትን ስጠኝ» አሉኝ።

«ምን ያደርግልዎታል እማማ?»

«ልቅበረዋ! የገላዬ አይደል እንዴ?»

ብልቃጡ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። ዞር ብል አገኘዋለሁ። አልዞርኩም። «ተቃጥሏል እማማ። እዚህ የወጣ ሁሉ ይቃጠላል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉና መርቀውኝ ሄዱ።

ለቀጠሮ ሲመለሱ ቆሎ አመጡልኝ። የመንዝ ገብስ ነው፤ ቤታቸው የቆሉት። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ተቀብዬ በላሁ።

ብልቃጡ ከሌሎቹ ጋር በሳጥን ታሽጎ ወደ ውጭ አገር ሄደ። ከወራት በኋላ የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ። ስሜ ከነአባቴ ተጽፏል። የእማማ ስም የትም የለም። እሳቸው 47 ናቸው።

ይህን ስትሰሙ «ድሮ ነው፣ አሁን ቀርቷል» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ቅጹ በአማርኛ ይጻፋል። ናሙና ከአገር ሲወጣ የማስተላለፊያ ስምምነት ይጠየቃል። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ግን ልብ በሉ፣ እኔም እኮ ቅጽ ነበረኝ። እኔም አስፈርሜያለሁ። ፋይሉን ለሚያይ ሰው ምንም ጉድለት የለበትም። የጎደለው ወረቀት አልነበረም።

እስቲ «እናንተ ታውቃላችሁ» የምትለዋን ቃል እንያት። እኔ እሺታ አድርጌ ወሰድኳት። እሺታ ግን አይደለችም። ይሉኝታ ናት። የመንዝ ሰው ቤቱ የገባን እንግዳ እምቢ አይልም። የሚያክመውን ሰውማ እንዴት አድርጎ? በዚያ ላይ ጉያው ውስጥ የነጻ ወረቀት አለች። ያቺ ወረቀት መብቱ ናት። እሱ ግን እንደ ውለታ ነው የሚይዛት። ባለውለታውን እምቢ ለማለት አንደበት የለውም። ከፍሎ የሚታከም ሰው «ይህ ምንድን ነው? ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልዩነቱ ዕውቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያኛው ውለታ የለበትም።

«አይገባቸውም» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። እናንተም ትሰሟቸዋላችሁ። አትመኗቸው። የመንዝ ገበሬ ለአንድ ጥማድ መሬት ሰባት ቤት ቆጥሮ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። የጓሳን ሳር መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚያጭደው፣ ስንት ዓመት እንደሚከለል በአባቶች ሕግ ወስኖ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ ነው። ይህ ሰው ከገላው ላይ ስለሚወሰድ ቁራጭ ሥጋ መወሰን ያቅተዋል? የሚያቅተን እኛ ነን፣ ቁጭ ብሎ ማስረዳት።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። የሄንሪየታ ላክስን ታሪክ ምናልባት በክፍል ሰምታችሁታል። በክፍል ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሴሎቹ ነው። እኔ ስለ ሴትዮዋ ልንገራችሁ።

ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ትንባሆ በሚያመርቱ ገበሬዎች ቤት ነው ያደገችው። የአምስት ልጆች እናት ነበረች። በ1951 እ.ኤ.አ. በማህፀን በር ካንሰር ታማ ባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። በዚያ ዘመን ጥቁሮች የሚታከሙት በተለየ ክፍል ነው። ሐኪሙ ሕክምናውን ሲጀምር ከዕጢው ላይ ቁራጭ ወሰደና ጆርጅ ጋይ ወደሚባል ተመራማሪ ላቦራቶሪ ተላከ። እሷ አልተጠየቀችም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በ31 ዓመቷ ሞተች።

ሴሎቹ ግን አልሞቱም። ከዚያ በፊት የሰው ሴል ከገላ ውጭ ብዙ አይቆይም ነበር። የእሷ በ24 ሰዓት ገደማ እጥፍ እየሆነ ተባዛ። ከስሟና ከቤተሰብ ስሟ መጀመሪያ ፊደላት ወስደው ሄላ አሉት። የፖሊዮ ክትባት የተፈተሸው በእነዚህ ሴሎች ነው። ወደ ጠፈር ሳይቀር ሄደዋል። በዓለም ላቦራቶሪዎች ተሸጡ፣ ተለወጡ። እሷ የተቀበረችበት ቦታ ግን እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ የመቃብር ድንጋይ አልነበረውም። ስሟ እንኳ ለብዙ ዓመት «ሄለን ሌን» ተብሎ በስህተት ሲነገር ኖሯል። ቤተሰቦቿ ነገሩን የሰሙት ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በ1973 ተመራማሪዎች ደግሞ መጥተው የእነሱንም ደም ቀዱ። ልጅዋ የካንሰር ምርመራ መስሏት ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚነካኝ አንዲት የላቦራቶሪ ረዳት ናት። ሴሎቹን ቆራርጣ ያሳደገቻቸው እሷ ነች። ሄንሪየታ ስትሞት ከአስከሬኑ ናሙና እንድትቀበል ተላከች። ፊቷን ማየት አልፈለገችም። ዓይኗ እግሯ ላይ አረፈ። የእግሯ ጥፍሮች ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፣ ቀለሙ ተላልጧል። ያን ጊዜ ነው ይህ ሁሉ ሴል የመጣው ከሕያው ሴት መሆኑ የገባት። ይህን ሳነብ የእማማ አውራ ጣት ትዝ አለኝ። እኔ ጣታቸውን በእጄ ይዤ ነበር። ቢሆንም አልገባኝም።

ጆርጅ ጋይ ክፉ ሰው አልነበረም። ሴሎቹን ለጠየቀው ሁሉ በነጻ ነው የሰጠው። በዚያን ጊዜ ከሕክምና የተረፈን ሥጋ ሳይጠይቁ መውሰድ የተለመደ ነበር። ግን የናዚ ሐኪሞችን የዳኙት የኑረምበርግ ዳኞች ሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የሰውየው ነጻ ፈቃድ ግዴታ ነው ብለው ከጻፉ አራት ዓመት ሆኗል። 1947 ላይ ተጽፏል። ማንም ሰው ያ ጽሑፍ ለድሃ ሕመምተኛ ጓዳ የሚሠራ አልመሰለውም። ክፉ መሆን አያስፈልግም ማለቴ ነው። መቸኮል ይበቃል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልንገራችሁ፤ ምርምር ጥሉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሃራልድ ዙር ሃውዘን የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት የማህፀን በር ካንሰር በኤችፒቪ ቫይረስ እንደሚመጣ አሳየ። ለዚህ ሥራው በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከቫይረሱ ዓይነቶች አንዱ፣ ቁጥር 18፣ የሄንሪየታ ሴሎች ውስጥም ተገኘ። ክትባቱ የመጣው ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በኢትዮጵያም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የእኔ የልጅ ልጅ እዚሁ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ውስጥ ተከትባለች። ክንዷን እያሸች ቤት ስትገባ ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ። ሥጋ ባይወሰድ፣ ባይጠና፣ ይህ ክትባት አይኖርም ነበር። እንዲያውም የድሃ አገር በሽታ የድሃ አገር ሰው ካላጠናው ማን ያጠናዋል? ስለዚህ አጥኑ። ጠይቃችሁ አጥኑ።

«የማን ንብረት ነው?» የሚለው ክርክር በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጆን ሙር የሚባል ሰው በ1976 በደም ካንሰር ምክንያት ጣፊያው ወጣለት። ሐኪሙ ከጣፊያው ሴል አባዝቶ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣበት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ሁለት ነገር ወሰነ። ከገላህ የወጣው ሴል ንብረትህ አይደለም አለው። ሐኪምህ ግን የራሱን ጥቅም ሳይነግርህ መውሰድ አልነበረበትም አለ። ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ግን ንብረት የሚለው ቃል ለዚህ ነገር ጠባብ ይመስለኛል። እኛ የተሻለ ቃል አለን። አደራ እንላለን።

አደራ የያዘ ሰው ባለቤት አይደለም። ዘበኛም ብቻ አይደለም። ዕቃውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፣ ሲጠየቅ ያለበትን ይናገራል፣ ለሌላ ሰው ከማሳለፉ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ይህን ያላደረገ ሰው በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አደራ በላ ይባላል። እኔ ያንን ቆሎ በበላሁ ጊዜ ይህ ስም ነበረኝ፤ አላወቅሁትም እንጂ።

ገበሬ ነገሩን ከእኛ በላይ ይረዳዋል ያልኩት ለዚህ ነው። መንዝ ላይ በግ ለርቢ ይሰጣል። አንዱ በጓን ይሰጣል፣ ሌላው ያረባታል፣ ግልገሉን ይካፈላሉ። ስለ ሄላ ሴሎች ለአንድ የመንዝ ሽማግሌ ባጫውተው ወዲያው «እና ግልገሉ የት ደረሰ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። የላክስ ቤተሰብም የጠየቀው ይህንኑ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የሴሎቹ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘር መረጃው በሙሉ፣ ያለ እነሱ ፈቃድ ወጣ። ተቃወሙ። ከዚያ በኋላ መረጃውን ማን ይጠቀምበት የሚለውን በሚያየው ኮሚቴ ውስጥ ሁለት የቤተሰቡ አባላት እንዲቀመጡ ተስማሙ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴሎቹን ይሸጥ ከነበረ ትልቅ ኩባንያ ጋር በስምምነት ጨረሱ።

በአሜሪካ ግራንድ ካንየን የሚኖሩ ሃቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦችም አሉ። ለስኳር በሽታ ጥናት ተብሎ ደማቸው ተወሰደ። በኋላ ደሙ ለሌላ ጥናት ጭምር ሲውል ተገኘ፤ ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ሕዝቡ አመጣጥ። ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ተከራክረው በ2010 እ.ኤ.አ. ካሳ ተከፈላቸው። ከካሳው ይልቅ እኔን የገረመኝ የቀረው ደም መመለሱ ነው። ብልቃጦቹ ለባለቤቶቹ ተመለሱ። ይህ ይቻላል ማለት ነው።

እኛ አገር እትብት የተቀበረበት ስንል አገር ማለታችን ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ቤተሰብ እግሩን ተቀብሎ ይቀብራል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። እማማ የጠየቁኝ እንግዳ ነገር አልነበረም። እናንተም ይጠይቋችኋል። መልስ ይኑራችሁ።

ለጤፍ ምን ያህል እንደተቆጣን አስታውሱ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ በነበረ ጊዜ አገር ሁሉ ተናዷል። የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. ፓተንቱን ሲሽረው የምንጃር ገበሬ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ በደስታ ጮኸብኝ። ደስታው ደስታዬ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳጥኑ ውስጥ ያሸግኩት ብልቃጥ ትዝ አለኝ። ያኛውን ፈረንጅ አልወሰደውም። አሽጌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር ይህ ነው። ሕመምተኛውን ስትሬቸር ላይ አታስፈርሙ። ተቀምጦ፣ በልቶ፣ ካቦርቱን ለብሶ ጠይቁት። የሚያክመው ሰው አይጠይቀው፤ ሌላ ሰው ይጠይቀው። «ናሙና» አትበሉ፤ «ከሥጋዎ ቁራጭ» በሉ። የት እንደሚሄድ ንገሩት። ባሕር የሚሻገር ከሆነ ባሕር ይሻገራል በሉት። ምናልባት የሚሸጥ ነገር ሊወጣበት ይችላል በሉት። ከዚያ «እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይነካም» በሉና እሱ በራሱ አፍ እንዲደግምላችሁ አድርጉ። ካልደገመው አልገባውም፣ ወይም አላመናችሁም። እንደገና ጀምሩ። «ከልጆቼ ልማከር» ካለ፣ «የንስሐ አባቴን ልጠይቅ» ካለ፣ ሌሊት ስጡት።

አንድ ቀን አንድ የመርሐቤቴ አባት ይህን ሌሊት ሰጠኋቸው። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። በማግስቱ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «አይ፣ እኔ ሙሉ ሆኜ ነው መቀበር የምፈልገው» አሉኝ። አጥኚው ወጣት ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን ከ30 ዓመት በላይ ስሠራ ያን ቀን የመጀመሪያውን እውነተኛ መልስ እንዳገኘሁ ተሰማኝ። እኚህ ሰው እምቢ ማለት ከቻሉ፣ በዚያው ሳምንት እሺ ያሉት ሰዎች እሺታ እውነት ነው ማለት ነው።

ውጤቱንም መልሱላቸው። ከሁሉም የምንረሳው ይህን ነው።

ባለፈው ጥቅምት በጣርማበር ታጥፌ መንዝ ወጣሁ። የእማማ የነጻ ወረቀት ላይ የነበረው የአጥቢያቸው ስም ከአእምሮዬ አልጠፋም ነበር። ሰው ጠይቄ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። እማማ ካረፉ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። የተቀበለችኝ ልጃቸው ናት። እሷም ራሷ አርጅታለች። መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅጹን፣ ብልቃጡን፣ «ተቃጥሏል» ያልኩትን፣ ቆሎውን።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣

«እናታችን ያረፉት እዚያ ከዛፎቹ ሥር ነው» አለችኝ በእጇ እያመለከተች። «የቀረውስ የት ነው ያለው ጋሼ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ቁጥር ነበረው አሉኝ?»

«አዎ። 47።»

ልጇን ጠራች። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። ደብተሯን ይዛ መጣች። «የአያትሽን ስም ጻፊ» አለቻት። ጻፈች። «ከሥሩ 47 በይ።» ልጅቷ ቁጥሩን ጻፈችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። እናትዬው አልመለሰችላትም። ገጹን ቀዳ አራት አጠፈችው፣ ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው ማኅደር ዳዊቱን አወጣችና ውስጡ ከተተችው።